ከጋኑ ያልተቀዳው ውኃ

በዚያ ዘመን ጂንካ ውስጥ ሳሙና ማግኘት ትልቅ ነገር ነበር። የቀበሌው ሱቅ ሳሙና ገባ ከተባለ ከተማው ሁሉ እዚያ ይሰለፋል፤ ግማሹ ሳይደርሰው ያልቃል። ዝናቡ ሲበረታ ደግሞ ከአርባ ምንጭ የሚመጣው መኪና መንገድ ላይ ይቀርና ሱቁ ባዶውን ይከርማል። ሞራ ግን እንደ ልብ ነበር። ከብት በሞላበት አገር ሞራ ማን ይቸግረዋል? የሚጎድለን ኮስቲክ ሶዳ ብቻ ነው ተባለና ቀበሌው የሳሙና ማምረቻ ማኅበር አቋቋመ። እኔም አሠልጣኝ ተብዬ ከመሐል አገር ተላክሁ።

በቀለ እባላለሁ። ያን ጊዜ ጢሜ በቅጡ ያልወጣ፣ አፌ ግን ከእኔ ቀድሞ ያደገ ወጣት ነበርኩ። አንድ የሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ሠርቻለሁ፤ ያንን ይዤ ጂንካ ስገባ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ሴቶቹ ሰብሰብ ብለው ሲያዳምጡኝ ደስ ይለኝና ሶዳ ለሳሙና ብቻ የተፈጠረ እንዳይመስላቸው እዘረዝርላቸዋለሁ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥጡ ቅባቱን እንዲለቅ በሶዳ ይቀቀላል፤ ወረቀት ሲሠራ እንጨቱን የሚያላምጠው ሶዳ ነው፤ የለስላሳና የቢራ ፋብሪካዎችም ጠርሙሳቸውን የሚያጥቡት በሶዳ ነው። «እናንተ የምትጠጡበት ጠርሙስ ሁሉ በሶዳ የታጠበ ነው» ስላቸው እትዬ ማርታ «ጌታ ይጠብቀን እንጂ» ብላ ከለስላሳ ጋር የተቆራረጠች መሰለች። እትዬ ማርታ የአሪ ገበሬ ሚስት ናት፤ ጠንካራ፣ ጸሎተኛ፣ ከሁላችንም በዕድሜ የምትበልጥ። በማኅበሩ ውስጥ የማትፈራኝ እሷ ብቻ ነበረች።

ጥንቃቄውንም አስተምሬያለሁ፤ ይህን ሐቁን ልናገር። ሶዳ ወደ ውኃ ይጨመራል እንጂ ውኃ በሶዳ ላይ አይፈስም፤ ከፈሰሰ በቅጽበት ፈልቶ ፊት ላይ ይተፋል። ቀዝቃዛ ውኃ በብረት ዕቃ ታደርጉና ሶዳውን በትንሽ በትንሹ እየበተናችሁ በረጅም እንጨት ታማስላላችሁ፤ ንፋሱን ከኋላችሁ ታደርጋላችሁ። አሉሚኒየም ድስት አይሆንም፣ ሶዳ ይበላዋል። ሰውነት ላይ ከነካ ቅቤ የለም፣ ሎሚ የለም፤ ውኃ ብቻ፣ ብዙ ውኃ፣ ወዲያውኑ። «እጃችሁን ሲነካችሁ መጀመሪያ ላያም ይችላል» እላቸው ነበር፤ «መጀመሪያ ያሙለጨልጫችኋል። ሳሙና የነካችሁ ይመስላችኋል። ሳሙናው ግን የራሳችሁ ቆዳ ነው፤ ሶዳው ቅባታችሁን ወደ ሳሙና እየለወጠው ነው። ማሙለጭለጭ ከተሰማችሁ የያዛችሁትን ሁሉ ጣሉና ወደ ውኃው ሩጡ።» ይህን ስናገር ዘነበች ከበሩ አጠገብ ቆማ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስትደግመው አያት ነበር።

ስለ ዘነበች መናገር አለብኝ። ሸክላ ሠሪ ናት። አሪዎች ዘንድ ሸክላ የሚሠሩና ብረት የሚቀጠቅጡ ወገኖች ማና ይባላሉ። በዚያን ጊዜ ገበሬው ማሰሮአቸውን ይገዛል፣ ማረሻውን እነሱ ዘንድ ያስቀጠቅጣል፤ አብሯቸው ግን አይበላም፣ ቤታቸው አይገባም፣ እነሱ እጃቸውን ያስገቡበትን ውኃ አይጠጣም። ዘነበችን ማኅበሩ ውስጥ ያስገባት ሊቀመንበሩ ነው፤ አብዮቱ ሁሉንም እኩል አድርጓል ብሎ ለበላይ ሪፖርት ማድረግ ፈልጎ። ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ቀን እትዬ ማርታ ዝቅ ባለ ድምፅ «ዘነበች፣ አንቺ ገንቦሽን እዚያ በሩ ጋ አስቀምጪ፤ ከእሱ ትቀጃለሽ» ስትላት ሰማሁ። ዘነበችም አልከፋትም፤ ገንቦዋን ከቤቷ ይዛ መጥታ ኖሯል። እኛ የምንቀዳው መሐል ቤት ከቆመው ትልቅ ጋን ነበር። ያንን ጋን የሠራችው ራሷ ዘነበች ናት። ማኅበሩ ገበያ ላይ ከእሷ ገዝቶ፣ ውኃ ከሞላበት በኋላ እንዳትነካው አደረጋት።

ምን አገባኝ ብዬ ዝም አልኩ ብል ግማሹን ነው የምናገረው። እኔም ያደግኩት ሸክላ ሠሪ በደጅ ሲያልፍ እናቶች የሕፃን ፊት በሚሸፍኑበት አገር ነው። ለዘነበች የተለየ ጣሳ የመደብኩላት እኔ ነኝ፤ ማንም ሳይነግረኝ።

ነገሩ የደረሰው ለአብዮት በዓል ሽር ጉድ በሚባልበት ሰሞን ነው። ከአውራጃው እንግዶች መጥተው ምርታችንን ሊያዩ ነበር፤ እኛ ግን የምናሳየው ሳሙና አልነበረንም፤ ገበያ ወስዶታል። በዚያ ላይ የሶዳው በርሜል ክዳን ላልቶ ከርሞ ኖሮ እርጥበት ገብቶበት፣ የቀረው ሶዳ ከበርሜሉ ሥር እንደ ድንጋይ ተጋግሯል። በብረት ቀጠቀጥኩት፤ እምቢ አለ። ላቤ ጠብ ይላል፣ ሞራው በምድጃው ላይ ቀልጦ ይጠብቃል።

«በቀለ፣ ነገ ብንሠራው ምን አለ?» አለች እትዬ ማርታ። «እንግዶቹ ሳሙና አይበሉም።»

«ነገ ቢሠራ መች ይደርቃል? ዛሬ ቅርጹ ውስጥ ካልፈሰሰ ለበዓሉ አይደርስም» አልኳት።

ከዚያ ያደረግኩትን ዛሬም ሳስበው የሌላ ሰው እጅ ይመስለኛል። ከምድጃው ዳር የነበረውን የሞቀ ውኃ በጣሳ ጨልፌ በርሜሉ ውስጥ ደፋሁት። ለሴቶቹ መቶ ጊዜ አታድርጉ ያልኩትን ነው። እንዲላላልኝ ብዬ ነው፤ ቸኩዬ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። አጎንብሼ ልየው ስል በርሜሉ አገሳና ፊቴ ላይ ተፋው።

ዓይኔ ውስጥ ፍም የገባ መሰለኝ። ወደቅኩ፣ ተነሣሁ፣ ግድግዳ መታኝ። ሴቶቹ ሲጮኹና ወደ ደጅ ሲሸሹ ይሰማኛል፤ በርሜሉ ገና ይንጫጫ ነበር፤ እንዳይደግም ፈርተው ነው፣ አልፈርድባቸውም። እኔ ራሴ ውኃ ውኃ እላለሁ፤ ጋኑ በየት በኩል እንደሆነ ግን ጠፍቶኛል። በዚህ መሐል አንድ ሰው ከኋላዬ ብብቴን ይዞ መሬት ላይ አስተኛኝና ራሴን በጉልበቱ መሐል አጣብቆ ያዘው።

«እኔ ነኝ፣ ዘነበች። ዓይን ክፈት» አለችኝ።

መክፈት አልቻልኩም። ዓይን ሲቃጠል ራሱ ይጨፈናል፤ ብትለምነውም አይሰማህም። እሷ በጣቶቿ የዓይኔን ቆብ ፈልቅቃ ከገንቦዋ ውኃ ታፈስብኝ ጀመር። ሸክላ ሲያቦካ የኖረ እጅ ነው፤ ብርቱ ነው፤ ብወራጭም አልለቀቀኝም። ሶዳው ፊቴ ላይ ነው፣ ፀጉሬ ላይ ነው፣ ሸሚዜ ላይ ነው፤ በዚያ ሁሉ ላይ ባዶ እጇን ታመላልሳለች። አንድ ጥንድ የጎማ ጓንት ነበረን፤ እሱም እኔ እጅ ላይ ነበር።

ገንቦዋ አለቀ። ያን ጊዜ እትዬ ማርታ ተመልሳ መጣች፤ ከጋኑ እየቀዳች ከላይ ታፈስ ጀመር። ሁለቱ እንዲህ ሆነው ቀጠሉ፤ አንዷ ታፈሳለች፣ አንዷ ዓይኔን ከፍታ ትይዛለች። ቃጠሎው በጥቂቱ ቀለል ማለት ሲጀምር ዘነበች ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለእኔ ብቻ እንደምትናገር ሆና እንዲህ አለችኝ።

«ጋሼ፣ እጄ ያሙለጨልጫል።»

ይህን ገጠመኝ ስጽፍ እዚህ ላይ ስንት ጊዜ ብዕሬን እንዳስቀመጥኩ አትጠይቁኝ። ሰምቻታለሁ። ምን ማለት እንደሆነም ገብቶኛል፤ በዚያ ቤት ውስጥ ከማንም በላይ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። ልቀቂኝና ታጠቢ ማለት ነበረብኝ። ለእትዬ ማርታም በእጇ ላይ አፍስሺላት ማለት እችል ነበር፤ ሦስት ቃል ነው። እኔ ግን ዕውር ሆኜ መቅረት ብቻ ነበር የሚታየኝ።

«አትልቀቂኝ» አልኳት። «ገና ነው፤ አትልቀቂኝ።»

አልለቀቀችኝም።

ቆይተው ሰዎች መጡና በቃሬዛ አንሥተው ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ቁስለኛ የሚያክመው ድሬሰር አቶ ለማ ይባላል፤ ረጋ ያለ፣ ሲናገር ሰው እንዳይቀሰቅስ የሚጠነቀቅ የሚመስል ሰው። እንደገና በሕክምና ውኃ ደጋግሞ አጠበኝ፣ ቅባት አደረገና ሁለቱንም ዓይኖቼን አሰረ።

«አያለሁ?» አልኩት።

«ፋሻው ሲፈታ ነው የምናውቀው» አለኝ። «ወደ አዲስ አበባ ብልክህ በወደድኩ፤ ሜዳው ግን ጭቃ ነው፣ አውሮፕላን አያርፍም። እስኪደርቅ እዚሁ ትተኛለህ። ለማንኛውም ውኃው ፈጥኖ መድረሱ ጥሩ ነው። ማን ነው ያጠበህ?»

«ዘነበች» አልኩ፤ ያን ጊዜ ነው የት እንዳለች አለመጠየቄ ትዝ ያለኝ።

እትዬ ማርታ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ስትጸልይ ይሰማኛል።

«እትዬ ማርታ፣ ዘነበች የት ናት?»

«ሄደች።»

«ወዴት?»

«ወደ ኔሪ ወርዳለች አሉ።» ኔሪ በከተማው ዳር የሚያልፈው ወንዝ ነው።

«ምን ልታደርግ?»

ጸሎቷን አቆመች። «እጇን ልትታጠብ» አለች።

ነገሩ ጭንቅላቴ ውስጥ እስኪገባ ትንሽ ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ቤት እስከ ወንዙ ያለውን መንገድ አውቀዋለሁ፤ ቁልቁለት ነው፣ በዝናብ ጊዜ ያዳልጣል፣ ጤነኛ ሰው እንኳ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው።

«ጋኑ ባዶ ሆኖ ነው?» አልኳት።

«የለም። ውኃ ነበረው።»

«ታዲያ ጣሳውን አንሥታ...»

«በቀለ፣» አለችኝ፣ «አታነሣም እኮ። አንተም ታውቃለህ። አንተን በቃሬዛ ሲያነሡህ እጇን ወደ ላይ ይዛ ከጋኑ አጠገብ ቆማ እንደነበር አይቻለሁ። ምን እንደምትጠብቅ አላሰብኩም። ልቤ አንተ ዘንድ ነበር። አፍስሺልኝ ብትለኝ አፈስላት ነበር።»

አመንኳት። ለምና ቢሆን ኖሮ ታፈስላት ነበር፤ እትዬ ማርታ ክፉ ሴት አይደለችም። ዘነበች ግን አንድ ጊዜ ለእኔ ተናግራ መልሷን አግኝታለች። ገንቦዋን እኔ ላይ ጨርሳለች። ራሷ በሠራችው ጋን አጠገብ የሚያፈስላት ሰው ስትጠብቅ ቆይታ፣ ማንም ዞር ብሎ ሳያያት ሲቀር፣ ማንም የማይከለክላትን ውኃ ፍለጋ ወንዝ ወረደች።

በማግስቱ ባለቤቷ መጣ። ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ ሰውዬውን አይቼው አላውቅም፣ ያን ቀንም አላየሁትም፣ ፋሻ ውስጥ ነበርኩ። አልጋው ሲንቀሳቀስና የከሰል ሽታ ሲመጣ ነው መቀመጡን ያወቅኩት።

«ዓይን እንዴት ነው?» አለኝ።

«ገና አልታወቀም። ዘነበችስ?»

«ቤት ናት። እጇ አብጧል። ትናንት ወንዝ ደርሳ ስታጥበው ቆዳው ከውኃው ጋር ሄደ።» «አንተ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ መጣሁ። እዚያ ሥራ ቤት ውኃ የለም?»

«አለ» አልኩት።

«ብዙ?»

«ብዙ።»

ሌላ አልጠየቀኝም። እንዲቆጣኝ፣ እንዲሰድበኝ፣ ቢያንስ ድምፁን ከፍ እንዲያደርግ በውስጤ እለምነው ነበር። «እግዜር ይማርህ» ብሎኝ ተነሣ። በሩ ላይ አቶ ለማን ሲያገኘው፣ ለሚስቱ የሚሆን ቅባት እንዲሰጠው ሲለምን ሰማሁት። አቶ ለማ ቅባት ብቻ አልሰጠውም፤ ዕቃውን ይዞ አብሮት ሄደ። ሲመለስ «ዘግይቷል» አለኝ። «ያኔውኑ እዚያው ብትታጠብ ኖሮ ይህን ያህል አይገባም ነበር። ጣቶቿ የሚዘረጉ አይመስለኝም።»

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ጨለማው ውስጥ ሆኜ የምጸልየው ግራ የገባ ጸሎት ነበር። ማየትም እፈልጋለሁ፣ ለማየትም አፍራለሁ። አንዳንዴ ዕውር ሆኜ ብቀር ሂሳቡ የሚወራረድ ይመስለኛል፤ ወዲያው ደግሞ ልቤ እንቢ ይልና እግዚአብሔር ሆይ አልሰማኸኝም ይሁን እለዋለሁ።

አቶ ለማ ፋሻውን ሲፈታው መጀመሪያ ብርሃን ብቻ ነበር። ቀጥሎ የእሱ ጢም፣ ቀጥሎ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ውጭ ጭቃው እየደረቀ ያለው የአውሮፕላን ሜዳና እዚያ የሚግጡ ላሞች። ሁሉንም አየሁ። አቶ ለማ ከደስታው ብዛት ትከሻዬን መታኝ። እኔ አለቀስኩ፤ የደስታ መሰለው።

በዚያው ቀን እትዬ ማርታን የዘነበችን ቤት አሳዪኝ ብዬ ሄድኩ። እትዬ ማርታ ደጅ ላይ ቆመች፤ በሕይወቷ ገብታ የማታውቀው ዓይነት ቤት ነው። እኔ ገባሁ። ዘነበች ጭድ በተሞላ ከረጢት ላይ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር፤ ሁለቱም እጆቿ በፋሻ ተጠቅልለው ጭኗ ላይ ተቀምጠዋል። ከጎኗ ያልደረቁ ማሰሮዎች ነበሩ፤ አንዱ አፉ አልተሠራለትም።

ቀና ብላ አየችኝ። «ያያል?» አለች።

«ያያል።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

«ጎሽ» አለች፤ ከልቧ ነበር።

መሬት ላይ ተቀመጥኩና «እጄ ያሙለጨልጫል ስትይኝ ሰምቼሻለሁ» አልኳት። «አልሰማሁም ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም።»

«እንደሰማህ አወቅሁ።»

«ቆዳሽ እየሄደ እንደሆነስ ታውቂ ነበር?»

«አንተ አስተማርከን አይደል? ማሙለጭለጭ ከመጣ ሩጡ ብለሃል። እኔ ረሳሁ አላልኩም።»

«ታዲያ ለምን አልሮጥሽም?»

የሚገርም ጥያቄ የጠየቅኳት ይመስል አየችኝ። «አትልቀቂኝ አልክ» አለችኝ።

ቸኩዬ፣ ሁልጊዜም የምቸኩል ሰው ነኝ፣ «ከእንግዲህ ገንቦ የለም» አልኳት። «እኔ እዚያ እስካለሁ ድረስ እንደማንም ሰው ከጋኑ ትቀጃለሽ። ዛሬውኑ ለሁሉም እነግራቸዋለሁ።»

ዘነበች አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። የታሰሩትን እጆቿን ከጭኗ ላይ ትንሽ አነሣ አድርጋ ተመለከተቻቸው።

«በምኔ?» አለች።

የተናገርኩትን ፈጸምኩ፤ ለሴቶቹ ሁሉ ነገርኩ። ጥቂቶቹ ማኅበሩን ለቀው ሄዱ። እትዬ ማርታ ግን በሌላ ቀን ብቻዋን ወደ ዘነበች ቤት ሄዳ በገዛ እጇ እንዳጎረሰቻት በኋላ ሰማሁ፤ እኔ ካደረግኩት ሁሉ ያ ይበልጣል። ዘነበች ወደ ሥራ አልተመለሰችም። ሸክላም አልሠራችም። ጣቶቿ ወደ መዳፏ ታጥፈው ቀሩ፤ ሌሎች የሠሩትን ማሰሮ ቅዳሜ ገበያ ላይ ተቀምጣ ትሸጥ ነበር። በዚያ ሳልፍ በዓይኗ ትጠራኝና ደህንነቴን ትጠይቀኛለች። አንዳንድ ቅዳሜ መንገዱን አሳብሬ በሌላ በኩል እንዳለፍኩ ከደበቅኩ ይህን ሁሉ መጻፌ ከንቱ ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ብዙዎቻችሁ ኮስቲክ ሶዳ በእጃችሁ ይዛችሁ አታውቁ ይሆናል። እኔ ከጂንካ ወጥቼ ዕድሜዬን ሙሉ በየፋብሪካው ጥንቃቄ ሳስተምር ኖሬያለሁ። መነጽር አድርጉ፣ ጓንት አጥልቁ፣ ሶዳውን ወደ ውኃው እንጂ ውኃውን ወደ ሶዳው አታድርጉ እላለሁ። አለቆቹ ቧንቧውን ያሳዩኛል፤ ጥሩ ነው እላለሁ። ከዚያ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ «ወደዚህ ቧንቧ ለመምጣት የሚፈራ ሠራተኛ አለ?» መጀመሪያ አይገባቸውም። ሲቆይ ግን ከኋላ አንዱ አንገቱን ይደፋል፤ የቀን ሠራተኛው ይሆናል፣ ጽዳቷ ትሆናለች። በዚያ በር አትግቢ የተባለች አንዲት ሰው አትጠፋም። የእናንተንም ቤት፣ የእናንተንም መሥሪያ ቤት እስቲ ተመልከቱ። ክልከላውን ማንም ጮክ ብሎ ላይናገረው ይችላል፤ እኛ ቤትም የተነገረው አንድ ቀን፣ በዝግታ፣ በትሕትና ነበር።

እኔ ይህን ስላስተማርኩ ልቤ አርፏል ማለት አልችልም። በቅርቡ ዓይኔን ያየችልኝ ወጣት ሐኪም ፊደል የተጻፈበትን ሰሌዳ እስከ መጨረሻው መስመር ሳነብላት ተገርማ፣ «አባባ፣ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ዓይን! እንዴት ቢጠነቀቁ ነው?» አለችኝ።

«እኔ አልተጠነቀቅኩም» አልኳት።